መጠይቅ በወንፈል

ሐምሌ 14

ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። ኮፒ ማሽኑ ብርድ ሲሆን እንደ እማዬ ጉልበት ያቃስታል።

ዛሬም አንድ ተመራማሪ መጣ። መነጽር፣ ወፍራም ጃኬት፣ አዲስ ቦት ጫማ። ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው አለ። መጠይቁን አውጥቶ «አባዢልኝ» አለኝ። ርዕሱን አየሁት... ከሰል አክሳይ ገበሬዎች ለከሰል ስለሚተክሉት ዲከረንስ ዛፍ ያላቸው አመለካከት። ባለፈው ወር የመጣውም ይኸው ነበር። ካቻምና የመጣችውም። ቆሰበር ከተማ ላይ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የገበሬውን አመለካከት ከገበሬው ይልቅ ያውቀዋል።

ረፋድ ላይ በባጃጅ ከሰል ወደምታከስለው መንደር ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ወረቀቱ ሁሉ ተሞልቷል። ሁሉም! እኔ እንኳ ለማባዛት ብቻ ጠዋቱን ሙሉ ፈጅቶብኛል።

«በግማሽ ቀን?» አልኩት።

«ሕዝቡ በጣም ተባባሪ ነው።»

እማዬ ደስ ብሏት ዋለች። «ጌታ ተመራማሪ አያሳጣን» ትላለች። ኮፒ ቤት ከፍቶ ምሁር የሚጠላ የለም።

እኔ ግን ቆጨኝ። የገጠር ልማት ዲግሪ አለኝ፣ ሥራ የለኝም። የሰው ጥናት ሳባዛ ላረጅ ነው እንዴ? ከዚያ መነጽራም በምን አንሳለሁ? በመነጽር ብቻ።

ነሐሴ 6

ወሰንኩ። ለማስተርስ አመለክታለሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። «ስትጨርሺ እዚያው ታስተምሪያለሽ?» አለችኝ። እንጃ፣ ይሆን ይሆናል አልኳት። አይ አፌ! ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤት ስደርስ ሁሉም ሰው «ተባረኪ፣ ዩኒቨርሲቲ ልታስተምሪ ነው አሉ» ይለኛል። ገና ማመልከቻውን አልሞላሁም እኮ።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ኔትወርክ ደግሞ የለም። ወንድሜ ናታን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዝበትን ዳገት ሁሉ ያውቃል። ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አንዱ ዳገት ላይ አቆመና ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ሞላሁ። «ይህን ዩኒቨርሲቲ ለምን መረጡ?» ይላል። «በምርምር ልህቀቱ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ይባላል? ኮፒ ማባዛት ሰልችቶኝ ነው አይባል። «ላክ» የሚለውን ስጫነው ጠፋ። እንደገና... ጠፋ።

«አንቺ፣ ከአሁኑ እየፈተኑሽ ነው» ብሎ ናታን ሳቀብኝ።

በመጨረሻ ሄደ። ወይም የሄደ መሰለኝ።

መስከረም 24

አለፍኩ!! ፈተናውን አልፌያለሁ! እማዬ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። እልልታና ለቅሶ መለየት ያቃተው ሰፈር።

ጥቅምት 17

ገባሁ። በሩ ላይ ከበሩ የሚበልጥ ባነር ተሰቅሏል። «ማኅበረሰብ ተኮር ምርምር ለሁለንተናዊ ለውጥ»። ከባነሩ ሥር ጥበቃው ሻንጣዬን ሲፈትሽ እማዬ የቋጠረችልኝን በሶ አገኘ። ፈትቶ አሸተተው።

«ምንድን ነው?»

«በሶ።»

«ለምርምር?»

ከዚህ ግቢ መጀመሪያ የወደድኩት ሰው እሱ ነው።

ሬጅስትራር... ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ጭራው ራሱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ተራዬ ሲደርስ ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል «ሲስተም የለም፣ ሰኞ ነይ» አለችኝ። ሰኞ ሲስተሙ ከየት ነው የሚመጣው?

ዶርም። አልጋ አለ፣ ፍራሽ የለም። ቧንቧ አለ፣ ውኃ የለም። አብራኝ የደረሰችው ሶስና ትባላለች፣ የዳንግላ ልጅ ናት። የዕፅዋት በሽታ ነው የምታጠናው። አንድ ባልዲ አዋሰችኝ። «ውኃ ሲመጣ ቧንቧው ያስነጥሳል። ያኔ ክፍልም ሁኚ ጸሎትም ላይ፣ ሩጪ» አለችኝ። እስካሁን የተማርኩት ዋናው ትምህርት ይኸ ነው።

ሰኔ 19

አንደኛ ዓመት አለቀ። ምን ተማርኩ? መጠይቅ ማውጣት። የምርምር ሥነ ምግባር የሚባል ኮርስም ነበረ። መምህሩ ከመጡበት የቀሩበት ይበልጣል፤ ፈተናውን የወሰዱት ከአምናው ፈተና ነው። ሁላችንም ኤ አመጣን። ሥነ ምግባራችን በጣም ከፍተኛ ነው።

ጥቅምት 22

ሁለተኛ ዓመት። አማካሪ ተመደበልኝ፣ ዶክተር ደርበው።

ቢሮውን ስፈልግ ዋልኩ፣ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። ክብ፣ ቀስት፣ ክብ፣ ቀስት። መሃሉ ላይ «የሚዛናዊ አርሶ አደር ሞዴል» ይላል። የራሱ ሥራ ነው። በዚህ ሞዴል ስንት መጣጥፍ አሳትሟል፣ ስንት አገር ዞሯል! ነገሩ እንዲህ ነው... የእኛ አካባቢ ከሰል አክሳይ ገበሬ ስለ ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይወድቃል። አይደሰትም፣ አይከፋውም። «ይህ በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ የሥነ ልቦና ሚዛን ነው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ መሰለኝ። ወይ ብርድ ይሆናል።

የማጠናባትን መንደር ስነግረው ፊቱ በራ። ያቺው ከሰል የምታከስለው መንደር ናት፤ የሞዴሉ ዳታ ሁሉ ከዚያች ነው የመጣው።

«እዚያ ሄደው ያውቃሉ?» አልኩት።

«ሜዳውን በደንብ ነው የማውቀው» አለ። ኮምፒውተሩን መታ መታ እያደረገ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞዴሉን በአዲስ ዳታ ካጠናከርሽልኝ... ትምህርት ክፍላችን ለከርሞ ረዳት መምህር ይቀጥራል። ስም የማቀርበው እኔ ነኝ።»

እማዬ! ትንቢትሽ ሊፈጸም ነው። ወጥቼ ደወልኩላት። የምርቃት ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቅ ገዝታለች። ገና ምኑ ተይዞ?

ኅዳር 9

ሶስና አለቀሰች። ርዕሷ ውድቅ ተደረገ። ዳንግላ አካባቢ ዲከረንስ እየደረቀ ነው ብላ በሽታውን ልታጠና ነበር። ኮሚቴው ምን አላት? «በመስኩ የታተሙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ገበሬው የዛፉን ጤንነት ‹መካከለኛ› ብሎታል። ስለዚህ የበሽታ ምልክት የለም።» በምትኩ የቲማቲም በሽታ ሰጧት።

«ታዲያ አይሻልሽም? ቲማቲም ይቀላል» አልኳት ላስቃት ብዬ። አልሳቀችም።

የማንን ጥናት ጠቅሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። የዶክተር ደርበውን።

ጥር 24

ቆሰበር ነኝ። የፈረሰኞቹ በዓል ትናንት ነበር፤ ከተማው ገና አልተረጋጋም። እማዬ ቀሚሱን አሳየችኝ። ነጭ፣ ጥልፉ እስከ እግር። «እስከ ሰኔ እንዳትወፍሪ» አለችኝ።

መጠይቄን ራሴ አባዛሁ። ለራሴ ኮፒ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ከነገ ወዲያ ወደ መንደሯ።

ጥር 26

መንደር ሀ። (ጥናት ላይ የመንደር ስም አይጻፍም። እኔም በራሴ ማስታወሻ ሕግ ላክብር።)

ከናታን ባጃጅ ስወርድ አየሩ ከሰል ከሰል ይላል። ዲከረንሱ ግራ ቀኙን ይዞታል። ግን ቅጠሉ... ቀልቷል። እንደ ዛገ ቆርቆሮ። አንዳንዱ እስከ ጫፉ ደርቋል። ወቅቱ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

አቶ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። የመንደሩን ወንፈል የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ማን ለማን ይሠራል፣ ነገ የማን ተራ ነው... ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣

«ባለ ሦስት ነው ባለ አምስት?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ምርጫው ነዋ ልጄ! እስማማለሁ አልስማማም የሚለው። ባለ ሦስት ከሆነ እስከ ምሳ ያልቃል። ባለ አምስት ከሆነ ምሳ እናስጨምራለን።»

«ባለ አምስት» አልኩ፣ እንደ ጥፋተኛ።

ዞረው በአዊኛ ተጣሩ። እኔ የከተማ ልጅ፣ አዊኛ አልሰማም። ወይዘሮ ውብአየሁ የሚባሉ ሴት መጡ። በእማዬ ዕድሜ ናቸው፣ እጃቸው ጥላሸት። ግንድ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና «በይ» አሉ።

«ዲከረንስ ኑሮዎን አሻሽሏል?»

«መካከለኛ።»

«የከሰሉ ገበያስ?»

«መካከለኛ።»

«የዛፉ ጤንነት?»

ወደ ዛፉ አላዩም። «መካከለኛ።»

«የጋብቻ ሁኔታ?»

«መካከለኛ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ።

«አግብታለች በይ» አሉ።

ጨረስን። ሌላ ሰው ይጥሩልኝ አልኩ። ወይዘሮ ውብአየሁ ራሳቸው ተነሱ፣ በጓሮ ዞሩ፣ ነጠላቸውን ገልብጠው ለበሱና ተመልሰው እዚያው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

«በይ። አሁን አቶ ወገኔ ነኝ።»

«ወገኔ ወንድ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ከሰል እያወጡ ነው።»

ጥር 27

ዛሬ ያለ ወረቀት ሄድኩ። አቶ አድማሴን ያዝኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ነገሩኝ።

ተመራማሪ ሁልጊዜ የሚመጣው ሥራ በበዛበት ቀን ነው። ከሰል ደግሞ እሳት ላይ ትተሽው ከሄድሽ አመድ ነው። «ሁላችን ከምንስተጓጎል አንዱ ይስተጓጎል» አሉ። ስለዚህ መጠይቁን ወንፈል ውስጥ አስገቡት። እንደ አረም፣ እንደ አጨዳ። ተረኛው ለመንደሩ ሁሉ ሲመልስ ይውላል፤ የተረኛውን ሥራ ደግሞ ሌሎቹ ይሠሩለታል። አሁን ተረኛዋ ወይዘሮ ውብአየሁ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ምህረቴ የምትባል ነበረች፤ ጫግኒ አግብታ ሄደች። «እሷ ጎበዝ ነበረች፣ ድምፅም ትለውጥ ነበር» አሉኝ በቁጭት።

«ሁሉም መካከለኛ የሆነውስ?»

«አይ ልጄ... ጥሩ ነው ስንል ‹እነዚህማ ራሳቸውን ችለዋል› ተባለ። መጥፎ ነው ስንል ‹እንግዲያው ዛፉን ንቀሉ› ተብሎ ስብሰባ ለስብሰባ ስንል ከረምን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። መሃሉን ያዝን።»

«ዛፉ ግን ታሟል አይደል?»

ሳቃቸው ጠፋ።

«እሱንማ ነገርን። ቅጠሉን ቆርጠን አንዱ ልጅ እጅ ላይ አስቀመጥንለት። ‹ይሄ መጠይቁ ውስጥ የለም› ብሎ መለሰልን።»

ወይ ጉድ! እንግዲህ የዶክተር ደርበው ሚዛናዊ አርሶ አደር... ያ ብርቅ የሥነ ልቦና ሚዛን... ነጠላቸውን የሚገለብጡ አንዲት ሴት ናቸው። በእሳቸው መልስ የሶስና ርዕስ ወደቀ። በእሳቸው መልስ ዛፉ ጤነኛ ነው ተብሎ ተጻፈ። እሳቸው ደግሞ በዚያው ዛፍ ነው የሚኖሩት።

አሁን እኔ ምን ላድርግ? ባለ አምስቱ ወረቀት ተሞልቶ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ዝም ብዬ ባስረክብ ሰኔ ላይ እመረቃለሁ፣ መስከረም ላይ አስተምራለሁ።

የካቲት 20

ለዶክተር ደርበው የሆነውን ሁሉ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ አደረገ።

«መካከለኛውን የት አደረግሽው?»

«መካከለኛ የለም ዶክተር። ወይዘሮ ውብአየሁ ናቸው ያሉት።»

«ይሄ ወሬ ነው። ዳታ አይደለም።» ግድግዳውን አየ፣ ክቡንና ቀስቱን። «ሂጂና እንደገና ሰብስቢ። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ፣ ከፎቶው ጋር። ያለዚያ አልፈርምም። ረዳት መምህርነቱንም... ሌሎች አመልካቾች አሉ።»

«መቼ ላሳይዎት?»

«ሰኞ ነይ።»

የትኛው ሰኞ? አላለም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሰኞ የሚባል ቀን ያለ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 15

መንደር ሀ ሄድኩ። ልለምን። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ፣ ከነፎቷችሁ ልትመልሱልኝ ይገባል... አልኩ፣ አልጨረስኩትም። አቶ አድማሴ ገባቸው። በአዊኛ ተነጋገሩ፣ ረዘም ያለ ንግግር። ከዚያ፣

«ካልተፈረመልሽ ትወድቂያለሽ?»

«አዎ አባባ።»

«በቃ። ሁላችንም እንቀመጥልሻለን። ምን እንበልልሽ?»

መንደሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተሰለፈልኝ! ፊታቸውን ታጥበው፣ ለፎቶ። ወገኔን ዛሬ በዓይኔ አየኋቸው፤ ወንድ ናቸው። እንባዬ መጣ።

ቀጥሎ ነው የሰማሁት... ዛሬ የወይዘሮ ውብአየሁ የወንፈል ቀን ነበር። የታመመውን ዛፋቸውን ሰው ተሰብስቦ ሊቆርጥላቸው ነበር፤ ፈጥኖ ካልተቆረጠ ከሰልም አይወጣውም። ቀኑን ለእኔ ሰጥተውኛል። «ቀን ይመጣል የኔ ልጅ፣ አንቺ ግን አንድ ጊዜ ነው የምትመረቂው» አሉኝ።

ጨክኜ ወረቀቱን የማስሞላ ብሆን ይህን ጊዜ ነበር። አልቻልኩም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

«ሂዱና የእሳቸውን ዛፍ ቁረጡ» አልኩ። «እኔም እመጣለሁ። እዚያው ንገሩኝ፤ መሃሉን ሳይሆን የሆነውን።»

አቶ አድማሴ አላመኑኝም። «ትወድቂያለሽ እኮ።»

«እወድቃለሁ።»

ወይዘሮ ውብአየሁ ጫካቸውን እያሳዩኝ አወሩ። መጀመሪያ በዝግታ። ከዚያ እንደ ምንጭ። መቼ እንደቀላ፣ ከየትኛው ወገን እንደጀመረ፣ ስንት ክምር ከሰል እንደቀረባቸው፣ ሴት ልጃቸው ትምህርት አቁማ አዘና ከተማ ሰው ቤት ሥራ እንደገባች። እኔ ጻፍኩ። እጄ እስኪደክም።

ሰኔ 18

ዲፌንስ። ዶክተር ደርበው ያልፈረመበትን ጽሑፍ ይዤ ገባሁ። ኮሚቴው በልዩ ሁኔታ ይሁን አለ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ቡናና ብስኩቱ ቀድሞ ታዞ ይሆናል።

ተናገርኩ። ስለ ወንፈሉ፣ ስለ ተረኛዋ፣ ስለ ዛፉ። «የጋብቻ ሁኔታ መካከለኛ» ስል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ብሥራት ሳይስቁ ወደ ዶክተር ደርበው ዞሩ።

«እርስዎ መንደሯን አይተዋታል?»

ዶክተር ደርበው ውኃ ጠጣ። እንደገና ጠጣ።

«ሞዴሉ... ሥፍራ አይጠይቅም» አለ።

ውሳኔ... አማካሪው በአካል ሄዶ ያረጋግጥ። መሄዱንም የመንደሩ ሽማግሌ በፊርማቸው ይመስክሩ። እስከዚያ ውጤቴ ታግዷል። ዘንድሮ አልመረቅም። የረዳት መምህሩን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል አሉ፤ ያ ኮፒ ያባዛሁለት መነጽራም ነው።

ሶስና ባልዲዋን ተሸክማ ከአዳራሹ ውጭ ስትጠብቀኝ ነበር። «ውኃ መጥቷል። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ» አለችኝ። ታጠብኩ።

ሰኔ 30

ሌሎቹ ተመረቁ። እማዬ ቀሚሱን አጣጥፋ ከሳጥኑ ግርጌ ከተተችው።

«ተቆጣሽኝ?» አልኳት።

«ጌታ ያውቃል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጸሎት ቤት ምን እንደምላቸው ግን ጌታ እንኳ አይነግረኝም።»

አመመኝ። ለእውነት ብዬ ነው ብዬ ራሴን ባጽናና... ያሳጠፍኩት የሰው ቀሚስ አይደለም፣ እናቴ ያሰፋችልኝን ነው።

ሐምሌ 12

ዶክተር ደርበው መጣ! የዩኒቨርሲቲ መኪና፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። እኔና ናታን በባጃጅ ከፊት መራነው። ናታን «አደራ፣ በግራ ይያዙ» ብሎት ነበር። በቀኝ ያዘ። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ገባች።

ዝናቡ ይወርዳል። መንደሩ ሁሉ አረም ላይ ነበር፤ ትቶ መጣ። ገመድ፣ ግንድ፣ «ያዝ! ሳብ! ጊዮርጊስ!»... ቀኑ አለቀ፣ መኪናዋ ወጣች። ዶክተሩ ሸሚዙ ሸሚዝ መሆኑ ቀርቷል። ወዲያው ምስክር ወረቀቱን አውጥቶ ለአቶ አድማሴ ዘረጋ።

«ይፈርሙልኝና ልሂድ። አይቻለሁ።»

አቶ አድማሴ ወረቀቱን በትሕትና መለሱለት።

«ዶክተር፣ ዛሬ መንደሩ ለእርስዎ ነው የዋለው። ወንፈል ብድር ነው። አንድ ቀን አለብዎት።»

«እከፍላለሁ!» ብሎ ኪሱን ዳሰሰ።

«ኧረ በጊዮርጊስ! ወንፈል በገንዘብ አይከፈልም። ተራዎ ሲደርስ እናስጠራዎታለን።»

ናታን ባጃጁ ውስጥ ተደፍቶ ሳቀ። እኔ ቻል አድርጌ... አልቻልኩም።

ሐምሌ 27

አቶ አድማሴ ትናንት ደወሉልኝ። «ለዚያ ዶክተር ንገሪው። ተራው ደርሷል፣ የውብአየሁን የተረፈ የደረቀ ዛፍ ነቅለን ጤፍ ልንዘራላት ነው።» ለዶክተሩ ደወልኩ። ስብሰባ አለብኝ፣ ሰኞ አለ። ለአቶ አድማሴ ነገርኳቸው።

«ወንፈል ሰኞ የለውም በይው» አሉ።

ምስክሩ ካልተፈረመ ኮሚቴው አይለቀውም። ዶክተሩ ዛሬ መጣ። አዲስ ቦት ጫማ አድርጓል። ሶስናም ከዳንግላ መጥታ ተቀላቀለችን፣ ምላጭና የላስቲክ ከረጢት ይዛ።

መጥረቢያ ሰጡት። መጀመሪያ ግንዱን አልመታም፣ አየሩን ነው የመታው። ወገኔ አያያዙን አሳዩት። ከዚያ ሠራ፣ አይ፣ እውነት ለመናገር ሠራ። ከሰል ሲያወጡም አገዘ፤ እጁ ውኃ ቋጠረ፣ እጅና ፊቱ ጥላሸት ሆነ። ምሳ ላይ ከሁላችን ጋር ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሽሮ በላ። የደረቀውን ጫካ ያይ ነበር፤ እስከ ጫፉ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ልማዱ አልለቀው ብሎ ወይዘሮ ውብአየሁን፣

«የዛፉን ጤንነት እንዴት ይገልጹታል?» አላቸው።

ወይዘሮ ውብአየሁ ጉርሻቸውን ዋጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ዶክተር፣ ዛሬ ተረኛው እርስዎ ነዎት። እኔ ልጠይቅዎ» አሉ። «ዛፋችን እየሞተ መሆኑን ያውቁ ነበር? በጣም ያውቃሉ፣ ያውቃሉ፣ መካከለኛ፣ አያውቁም፣ ጭራሽ አያውቁም?»

ዶክተር ደርበው እጁን አየ። ውኃ የቋጠረውን።

«መካከለኛ» አለ፣ በቀስታ።

ሳቅ ይሆናል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። አቶ አድማሴ ምስክር ወረቀቱን ተቀብለው ፈረሙለት። ዶክተሩም ብዕሩን ሳይመልስ የእኔን ጽሑፍ ከቦርሳው አወጣና መኪናው ላይ አስደግፎ ፈረመ። የጥላሸት ጣቱ አሻራ ገጹ ላይ ቀረ። ከርሞ እመረቃለሁ። ሥራው አልተመለሰልኝም፣ አይመለስምም።

ያው ዶክተር ደርበው ነውና ሲሄድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «‹የተራ ምላሽ ሞዴል› ብንለውስ ሚልካ? አብረን እናሳትመው...» አለኝ። «ሰኞ እናውራ» አልኩት።

ሶስና የታመመውን ቅርንጫፍ ይዛ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ አብራው ሄደች። ቅርንጫፉ እንዳይሰበር ቀበቶ አስራለታለች።

ማምሻውን ኮፒ ቤት ገባሁ። እማዬ የፊርማውን ገጽ ብርሃን ላይ አድርጋ አየችው።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው? ላጥፋው?»

«ተዪው እማዬ» አልኳት። «ከነጥቁሩ አባዢው።»

ማሽኑ አቃሰተና አወጣው። እማዬ አንዱን ኮፒ ወስዳ ከሳጥኑ ግርጌ ቀሚሱ ላይ አኖረችው።